ገዳም የገቡ አባት ልጆቻቸውን መክሰሳቸው አይደለም

ቃላሚኖ የሚታወቀው በልጆች ነው። ጎበዝ ተማሪዎችን እየመረጠ የሚቀበለው ልዩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስላለ፣ ስለ ሰፈሩ ሲወራ የሚወራው ስለ ፈተና ውጤትና ስለ ዩኒቨርሲቲ ነው። እነዚህን ልጆች ያሳደጉት ሰዎች ግን እያረጁ ነው፤ በቃላሚኖም ሆነ በሌላው የመቐለ ሰፈር አረጋውያንን የሚመለከት አንድ ጥያቄ በየቤቱ ይነሳል። ሰባውን ያለፉ አባት አንድ ቀን «ከእንግዲህ ገዳም ገብቼ እዚያው ማረፍ እፈልጋለሁ» ይላሉ። ልጆቹ ይደነግጣሉ። «ኣቦይ፣ ምን አጎደልንብዎ?» ይላሉ። ጎረቤት በበኩሉ «ልጆቹ ምን ቢበድሏቸው ነው?» እያለ ያማል። አባት ምንም አልጎደለብኝም ቢሉም የሚያምናቸው የለም።

የልጆቹም የጎረቤትም ጥያቄ ሥሩ አንድ ነው፤ ሰው በስተርጅናው ቤቱን የሚተወው ቤቱ ሲከፋበት ብቻ ነው ብለው ያምናሉ። በዚህ አልስማማም። በእኛ አገር አርጅቶ በገዳም ወይም በበረሃ መሞትን መምረጥ ከቤተሰብ መኳረፍ አይደለም፤ ያለ ሰው መሞትም አይደለም። ሥርዓት፣ ምስክርና ቀባሪ ያለው የቆየ መንገድ ነው፤ ልናከብረው ይገባል። ነገር ግን ምርጫ የሚባለው መመለሻ ቤት ያለው ሰው ሲመርጠው ነው። መሄጃ አጥቶ ገዳም የገባን ሰው «መነነ» ብሎ ማለፍ ራስን ማታለል ነው። የሚያሳዝነኝ የእኛ አያያዝ ነው፤ ቤት እያላቸው በሚመንኑት ላይ እንጨቃጨቃለን፣ ቤት አጥተው ገዳም በር ላይ በሚያረጁት ላይ ዝም እንላለን።

ባሕታዊው ቀባሪ ነበረው

ስለ ባሕታውያን ያለን ግንዛቤ ግማሹ ከተነበበ ገድል የተቀዳ ይመስለኛል። የመነኮሳት አባት የሚባሉት እንጦንስ እ.ኤ.አ. በ356 በ105 ዓመታቸው በግብፅ በረሃ ተራራ ላይ አረፉ፤ መቃብራቸውን ማንም እንዳያውቀውም አዘዙ። እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው ያውቃል። ታሪካቸውን የጻፈው አትናቴዎስ ግን ሌላም ነገር ይነግረናል። ሽማግሌው ስላረጁ ሁለት ደቀ መዛሙርት አብረዋቸው ተቀምጠው 15 ዓመት አገልግለዋቸዋል፤ ገንዘው የቀበሯቸውም እነሱ ናቸው። የበረሃ ሰው ሁሉ አርአያ የሆኑት እኒያ አባት የመጨረሻዎቹን 15 ዓመታት የኖሩት ጧሪ ይዘው ነው። ከእሳቸው በፊት በረሃ የገቡትን አባ ጳውሎስን ደግሞ የቀበሯቸው ራሳቸው እንጦንስ እንደሆኑ ይተረካል። በየዓመቱ ሚያዝያ 6 የምትታሰበው ማርያም ግብፃዊትም ሬሳዋ በአሸዋ ላይ አልቀረም፤ አባ ዞሲማስ ደርሶ፣ አንበሳ ጉድጓዱን እየቆፈረ አግዞት፣ በሥርዓት ቀብሯታል። የእነዚህን ቅዱሳን ታሪክ ለትውልድ ያስተላለፉት ጸሐፊዎች ረሀቡን፣ ጥሙን፣ የአጋንንቱን ፈተና ሁሉ ጽፈዋል፤ አንድ ሰው እንኳን ሳይገነዝ መቅረቱን ግን አልተቀበሉትም።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። አቡነ አረጋዊ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ደብረ ዳሞ በጠፍር ገመድ ካልሆነ የማይወጣ አምባ ነው፤ ከሥሩ እስከ በሩ 15 ሜትር ያህል ገደል ነው። ከታች ሆኖ ለሚያየው ከሰው ለመራቅ የተመረጠ ቦታ ይመስለዋል። ከላይ ያለው ግን ማኅበር ነው፤ ቤተ ክርስቲያን፣ ከአለት የተፈለፈሉ የውኃ ጉድጓዶች፣ የመነኮሳት ጎጆዎች አሉ። አርጅተው በገመዱ መውረድ ያቃታቸው አባቶች እህላቸው በዚያው ገመድ ተስቦ ይወጣላቸዋል። ሲያርፉም በገደሉ ዋሻዎች፣ ከእነሱ በፊት ባረፉት አጠገብ ይቀበራሉ። ሴት አምባው ላይ ስለማትወጣ የጻድቁ እናት ቅድስት እድና ልጇን ተከትላ መጥታ ከአምባው ሥር መንኩሳ እንደኖረች ትውፊቱ ይናገራል። እናትና ልጅ በአንድ ገደል ላይና ታች አረጁ። ይህ ቤተሰብን መካድ ከሆነ፣ ቤተሰብ ማለት ምን እንደሆነ አላውቅም።

ሌሎቹ ገዳማትም ከዚህ አይለዩም። ዋልድባ እህል የማይበላበት፣ መነኮሳቱ ቋርፍ እየበሉ የሚኖሩበት ጽኑ ገዳም ነው፤ ያም ሆኖ ቋርፉን የሚያዘጋጅ፣ ለደካማው የሚያደርስ ረድእ አለ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በደብረ አስቦ በጠባብ በዓት ተወስነው ሰባት ዓመት በአንድ እግራቸው ቆመው እንደጸለዩ ገድላቸው ይናገራል፤ ሲያርፉ ግን በዙሪያቸው ልጆቻቸው የሚሏቸው መነኮሳት ነበሩ። በላስታ ከይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ በዋሻው ውስጥ የብዙ ሰዎች አጽም ተደራርቦ ይታያል፤ በዚያ ቅዱስ ስፍራ ለመሞት ከሩቅ የመጡ ተሳላሚዎች ናቸው ይባላል። ሞትን ፍለጋ ያን ያህል የተጓዘ ሰው እንኳን ያረፈው ብቻውን አይደለም።

ከሁሉ በላይ የምንኩስናው ሥርዓት ራሱ ይናገራል። ገዳም የሚገባ ሰው ሲፈልግ ዋሻ መርጦ አይቀመጥም። መጀመሪያ አመክሮ አለ፤ እንደ ልማዱ እስከ ሦስት ዓመት ውኃ እየቀዳ፣ እንጨት እየለቀመ፣ እየፈጨ ማኅበሩን ያገለግላል። ትዳር ያለው የትዳር ጓደኛውን ፈቃድ ይጠየቃል። ቆብ የሚደፋለት ከዚያ በኋላ ነው። በዚያን ቀን መሬት ላይ ተኝቶ፣ እንደ ሬሳ ተሸፍኖ፣ ጸሎተ ፍትሐት ይደረስለታል። በቁሙ ተፈትቶለት ይነሳል። ወደ ብሕትውና የሚያልፍ ቢኖር እንኳን በአበምኔቱ ፈቃድ ነው፤ መቁነኑ (የዕለት ምግቡ) የት እንደሚደርስለት፣ ማን እንደሚጠይቀው ይታወቃል። ለመሞት ያን ያህል ዝግጅት፣ ያን ያህል ምስክር ያለው ሌላ ሰው በከተማችን ማን ነው?

«ጧሪ ቀባሪ እንዳልሆንን» የሚሉ ልጆች

ልጆቹ የሚያነሱት ክርክር ግን ቀላል አይደለም፤ አቃልሎ ማለፍም ነውር ነው። በእኛ ባህል «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ትልቁ ምርቃት ነው። ልጅ የሚወለደውም የሚያድገውም ለዚያ ቀን ጭምር ነው። አባት ገዳም ሲገቡ ልጁ ዕዳውን ሳይከፍል የቀረ ይመስለዋል፤ እድርተኛው ፊት እንዴት እንደሚቆም ያስጨንቀዋል። በትግራይ ደግሞ ጭንቀቱ እጥፍ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ከተቀሰቀሰው ጦርነት በኋላ ስንቱ ቤት ልጁን፣ ወንድሙን፣ እህቱን ሳይቀብር ቀረ! ሰላም ከወረደ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በመላ ትግራይ የመርዶ ቀናት ታውጀው ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ሐዘን ተቀመጠ። ሬሳ ሳያይ ያለቀሰ ሰው የአባቱንም ሬሳ ላላይ ነው ብሎ ቢንገበገብ ማን ይፈርድበታል?

እኔ የምለው ይህ ሐዘን እውነት ሆኖ ሳለ መደምደሚያው ትክክል አይደለም ነው። ጦርነት የወሰደው ሰውና በእግሩ መርቆ የሄደ አባት አንድ አይደሉም። ገዳም የገቡ አባት አድራሻ አላቸው። ይጎበኛሉ፣ ይጠየቃሉ፣ ሲያርፉ መልእክት ይመጣል፣ ልጅ ሄዶ አፈር ያለብሳል፣ ተዝካር ያወጣል። የሚቀረው የሰፈሩ ድንኳን ብቻ ነው። ድንኳኑን ስንል ሽማግሌውን አሥር ዓመት ያለ ፈቃዳቸው ሶፋ ላይ ማስቀመጥ መጦር አይባልም።

ሁለተኛው ክርክር የጤና ነው፤ ይሄኛውን በግማሽ እቀበለዋለሁ። ብዙ አረጋውያን ግፊትና ስኳር አለባቸው፤ የዓይን ሞራ ግርዶሽ አለባቸው፤ ሽንት የሚያስቸግራቸው አሉ። አንዳንዱ ደግሞ ምናኔ ያማረው የሚመስለው የትዳር ጓደኛው ሞታበት ምግብም እንቅልፍም እምቢ ስላለው ነው። ይህ ሕመም ነው፤ በጸሎት ቋንቋ ሲነገር ቶሎ አይታወቅም። እንዲህ ያለውን ሰው ሐኪም ሳያየው ገዳም መሸኘት ትልቅ ስህተት ነው። «ቤት ቢሆኑ ሐኪም አለ» የሚለው ግን ሁልጊዜ እውነት አልነበረም። በጦርነቱ ጊዜ ትግራይ ተከብባ ሳለ ዓይደርን በሚያህል ሆስፒታል እንኳን መድኃኒት አልቆ ሕሙማን ማለቃቸውን መቐለ አትረሳውም። ደግሞስ የግፊት ኪኒን ገዳም አይገባም ያለው ማነው? ሃውዜን ድረስ ለገበያ የሚሄድ ሰው ገርዓልታ ተራራ ሥር ላሉ አባት የወር መድኃኒት ማድረስ አያቅተውም። የሕክምናው ክርክር አባትን ለማስቀረት ከሚነሳ ይልቅ አባትን ለመከተል ቢነሳ ኖሮ ብዙ በጠቀመ።

ሦስተኛው በሹክሹክታ የሚነገር ነው፤ «ይህ ራስን ከማጥፋት በምን ይለያል?» ይባላል። ጥያቄው መጠየቁ አያስከፋኝም፤ ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። ቤተ ክርስቲያን ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት አታደርግም። ለመነኩሴው ግን ገና በሕይወቱ ሳለ ትፈታለታለች። አንዱን ተስፋ ቆርጧል ብላ ስትዘጋው ሌላውን ተስፋ አለው ብላ አስቀድማ ትሸኘዋለች። መነኩሴ ሞትን አያፈጥነውም፤ መቁነኑን ይበላል፣ ውኃውን ይጠጣል፣ ሲታመም ጠበል ይጠመቃል፣ ቀኑን ይጠብቃል። ከእህል ከውኃ ተለይቶ ሞትን ለመጥራት የሚሄድ ሰው ቢመጣ የመጀመሪያው ከልካይ ልጁ ሳይሆን አበምኔቱ ነው።

ሌላው ዓለምም ይህን ልዩነት ያውቀዋል። በሕንድ ጥንታዊ ሥርዓት ሰው ፀጉሩ ሲሸብትና የልጅ ልጁን ሲያይ የቤቱን ኃላፊነት ለልጁ አስረክቦ ወደ ጫካ መግባት እንደ አንድ የዕድሜ ደረጃ ይቆጠር ነበር። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ ልጅ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ተድሮ፣ እሱም ወልዶ ነው። ሮጦ የሚገባበት ጫካ አልነበረም። የእኛው አፄ ካሌብም በትውፊቱ የሚታወሱት የናግራኑን ዘመቻ ከፈጸሙ በኋላ ዘውዳቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ልከው በአክሱም አጠገብ በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም በመመንኮሳቸው ነው። ሥራውን ጨርሶ የሄደን ሰው ሕዝቡ ለአሥራ አምስት ክፍለ ዘመን አልወቀሰውም።

መመለሻ ቤት

ሁሉም ግን እንደ ካሌብ አልቀናውም። አፄ ኢያሱ ታላቁ የሚወዷት ሴት ሞታባቸው በሐዘን ወደ ጣና ገለል ባሉ ጊዜ፣ ጎንደር ላይ መኳንንቱ መንግሥቱን ትተዋል ብለው ልጃቸውን ተክለ ሃይማኖትን አነገሡ። ንጉሡ ሊመለሱ ቢነሱም ታመው ወደ ደሴት ተመለሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1706 በጨቅላ መንዞ ተገደሉ። ይህን ታሪክ የማነሳው ለአንድ ነገር ነው። ኢያሱ የሄዱት ለመመነን አልነበረም፤ ሐዘን ገፍቷቸው ነው። ሐሳባቸውን በቀየሩ ጊዜ ግን በሩ ተዘግቶ ነበር። በእርጅና ወደ በረሃ የሚሄድን ሰው ከምንመዝንባቸው መለኪያዎች ሁሉ የሚበልጥብኝ ይሄ ነው፤ ቢመለስ ይገባል ወይ?

በዚህ መለኪያ ዙሪያችንን እንይ። ጠዋት በየደብሩ ቅጥር ጥግ ተደግፈው የተቀመጡትን እናቶች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ቢጫ ቀሚስ፣ የወየበ ቆብ፣ ጭን ላይ የተቀመጠ ዳዊት፤ ከጀርባ ደግሞ በቆርቆሮና በላስቲክ የተሠራች፣ ተጎንብሶ ካልሆነ የማይገባባት ጎጆ። ውስጧ አንድ ቁርበት፣ አንድ ጄሪካን፣ በፌስታል የተቋጠረ ደርቆሽ፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አለ፤ መግነዛቸው ነው። ሳንቲም ሰጥተን፣ «እማሆይ፣ ይጸልዩልኝ» ብለን እናልፋለን። ከእነዚህ እናቶች መካከል በሙሉ ልባቸው ዓለምን የናቁ አሉ። ከቤታቸው ወራሽ ያስወጣቸው፣ ልጃቸው ተሰድዶ የቀረባቸው፣ የቤት ኪራይ ያቃታቸውም አሉ። ቆቡ ሁለቱን አንድ አድርጎ ይሸፍናቸዋል፤ እኛም ሽፋኑን መግለጥ አንፈልግም። ከገለጥነው ሥራ ይመጣብናል።

የጡረታው ነገር ይታወቃል። በ2014 ዓ.ም. የተሻሻሉት ሁለቱ አዋጆች የመንግሥትና የግል ድርጅት ሠራተኞችን ነው የሚሸፍኑት። ዕድሜውን በሞፈር ያሳለፈ ገበሬ፣ ጉልት የተቀመጠች እናት፣ የቀን ሠራተኛ ስልሳ ሲሞላቸው የሚጠብቃቸው ልጅ ነው፤ ልጅ ከሌለ ቤተ ክርስቲያን። አዲስ አበባ ላይ ቢኒያም በለጠ የመሠረቱት መቄዶንያ የጎዳና አረጋውያንን እያነሳ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን መያዙ የሚያስመሰግን ነው፤ የሚያስደነግጥም ነው። ያን ያህል ሰው ቀድሞ የት ነበር?

መቐለ ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት አረጋዊ አለ። ሰባ ካሬ መጠለያ ውስጥ ካሉት ተፈናቃዮች መካከል ቤቱን፣ በሬውን፣ የአባቶቹ አጽም ያለበትን ደብር ጥሎ የመጣ ሽማግሌ ብዙ ነው። ጦርነቱን ያቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲፈረም ወደ ቀዬው የሚመለስ መስሎት ነበር። ዓመታት አልፈውም ሸራ ሥር የሞተ አለ። እንዲህ ያለው ሰው ከአገሩ ርቆ፣ በማያውቀው አፈር መቀበሩን አልመረጠም። ቤት ያላቸው አባት ገዳም እገባለሁ ሲሉ «አይሆንም፣ ብቻዎን አይሞቱም» ብለን ስንማልድ፣ ለዚህኛው ሽማግሌ የሚማልድለት ማን ነው? አባቱን የሚወድ ልጅ እንባውን ከፍሎ ለዚህም ቢያለቅስ እወዳለሁ።

ብቻ መሞት ምን እንደሚመስል ማወቅ የሚፈልግ ሰው በረሃ ሳይሆን ትልቅ ከተማ ይመልከት። የጃፓን ፖሊስ በ2024 እ.ኤ.አ. ብቻቸውን የሚኖሩ ከ76 ሺህ በላይ ሰዎች በቤታቸው ሞተው መገኘታቸውን መዝግቧል፤ ከአራቱ ሦስቱ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ናቸው። መብራት፣ ውኃ፣ ሐኪም ቤት፣ ጡረታ ሁሉ ነበራቸው። ያልነበራቸው ጠዋት አልወጡም ብሎ በር የሚያንኳኳ ሰው ነው። በገዳም ማኅሌት የቀሩ አባት በዚያው ዕለት ይፈለጋሉ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አስቡ። በ1916 ዓ.ም. ከትልቅ ቤት ተወልደው፣ በአውሮፓ ሙዚቃ ተምረው፣ በወጣትነታቸው ግሸን ማርያም ገብተው በባዶ እግራቸው፣ በጭቃ ጎጆ ዓመታት ኖሩ። የመጨረሻዎቹን አሥርተ ዓመታት በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም፣ ፒያኗቸው ባለችበት ጠባብ ክፍል አሳልፈው በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው አረፉ። ባል የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም፣ ከአገራቸው ርቀዋል። ብቻቸውን ሞቱ የሚል ግን አልሰማሁም።

እንግዲህ ለልጆች የምለው ይህን ነው። አባታችሁ ወይም እናታችሁ ገዳም ልግባ ካሉ መጀመሪያ ሐኪም ያያቸው። ሐዘን ወይም ሕመም እንዳልሆነ ካረጋገጣችሁ ሽማግሌ አትላኩባቸው፤ አብራችኋቸው ሂዱ፣ አበምኔቱን ተዋወቁ፣ ስልክ ተቀበሉ፣ መድኃኒታቸውን በየወሩ አድርሱ። ክፍላቸውን አታከራዩ፤ አመክሮው ቢከብዳቸው ያለ ኀፍረት የሚመለሱበት ይሁን። ለገዳማት አባቶችና እናቶችም አንድ ልመና አለኝ። በስተርጅና ለሚመጣ ሰው ቆብ ከመጫናችሁ በፊት «ቤት አለህ ወይ? ልጆችህ ያውቃሉ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቤት የለኝም፣ መሄጃ የለኝም ካለ ማዕዱን አትከልክሉት፤ አስጠጉት፣ ቆቡን ግን አቆዩለት፣ ጉዳዩንም ለወረዳው ማኅበራዊ ጉዳይ አሳውቁ። የዚያ ሰው ጥያቄ የመጠለያ ጥያቄ ነው፤ መልስ የመስጠት ግዴታው የከተማው አስተዳደርና የክልሉ ነው።